ምርቃናና ሐራራ ለየቅል ናቸው፦ ኮኬይን በአይጥ አንጎል ውስጥ ምን ይሠራል?

ጎንደር ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነበር። ከጎኔ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠዋል። አንደኛው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋና «ዛሬ ዶፓሚኔ ወርዷል ባክህ፣ ምንም ነገር ደስ አይለኝም» አለ። ሌላው «ቲክቶክ ቀንስ» ብሎ ሳቀበት።

እኔም ሳቅሁ፤ ግን በሌላ ምክንያት። ዶፓሚን (የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባት ኬሚካል) የምትባለው ቃል ከላቦራቶሪ ተነስታ ፒያሳ በረንዳ ላይ እስክትደርስ ድረስ ትርጉሟ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል። አሁን ሰው ሁሉ «የደስታ ኬሚካል» ይላታል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆንማ ኖሮ ሳይንቲስቶች ይህን ሁሉ ዓመት አይጥ ሲያባርሩ ባልኖሩ።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ግን ጉዳዩን ለመረዳት አንድ እርምጃ ቀድመናል። ሁለት ቃል አለን፤ ምርቃና እና ሐራራ። ቃሚ ወዳጅ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ምርቃና ቅጠሉ መሥራት ሲጀምር የሚመጣው ስሜት ነው። ሐራራ ደግሞ ሰዓቱ ደርሶ ቅጠሉ ሲጠፋ ሰውየውን የሚያቁነጠንጠው ነው። ሐራራ የያዘው ሰው ደስ አላለውም፤ እንዲያውም ተናዷል። ግን ከአዘዞ እስከ ማራኪ በእግሩ ሂድ ብትሉት ይሄዳል። ዶፓሚን ወደ የትኛው ትጠጋለች? መልሱን ያገኘነው በብዛት ከአይጦች ነው። ከአይጦቹም ኮኬይን ከተሰጣቸው።

እውነቱን ለመናገር ጎንደር ውስጥ ኮኬይን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የኛ ከተማ ጣጣ ሌላ ነው። ኮኬይንን የመረጥኩት የዶፓሚንን አሠራር እንደሱ ገላልጦ ያሳየ ነገር ጥቂት ስለሆነ ነው።

ሁለት ነገር ላስቀድም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ ትልቅና ትንሽ አይጥ አለ። ትልቋን አይጠ መጎጥ፣ ትንሿን አይጥ እያልኩ እቀጥላለሁ። ልዩነቱ ኋላ ያስፈልገናል።

ዓመቱ 1954 ነው። እዚህ ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በተቋቋመበት በዚያው ዓመት፣ ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር አንድ ግኝት አሳተሙ። አይጠ መጎጥ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይቀብራሉ። እንስሳዋ ፔዳል በተጫነች ቁጥር አንጎሏ ቅንጣት ኤሌክትሪክ ያገኛል። ሌላ የሚሰጣት ነገር የለም። ምግብም ውሃም አይመጣም። እሷ ግን ትጫናለች፤ አሁንም ትጫናለች። በሰዓት ወደ 2000 ጊዜ የተጫነች ነበረች። ያኔ ሰዉ «የደስታ ማዕከል ተገኘ» አለ። ፒያሳ የሰማሁት ወሬ ሥሩ እዚህ ድረስ ይወርዳል። ልብ በሉ፤ ያቺ እንስሳ ስትጫን ነው የታየችው። ስትደሰት ያያት የለም።

ዶፓሚን ራሷ ያኔ ገና ከቁም ነገር አልተቆጠረችም ነበር። ትኩረት ያገኘችው ከ1957 ጀምሮ ነው። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን አንድ መድኃኒት ለጥንቸሎች ሰጥቶ አንጎላቸው ውስጥ ያለውን ዶፓሚን አሟጠጠ። ጥንቸሎቹ ጆሯቸውን ጥለው ደርቀው ቀሩ። አንጎል ወደ ዶፓሚን የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ሲወጋቸው ተነስተው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ለዚህና ለተከታዩ ሥራው በ2000 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ኮኬይን። የነርቭ ሴሎች አይነካኩም። በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት አለ፤ ስፋቱ ከአንድ ወረቀት ውፍረት በሺዎች እጥፍ ያነሰ። አንደኛው ሴል መልእክት ሲኖረው ዶፓሚን ወደ ክፍተቱ ይለቃል። ዶፓሚኑ ማዶ ያለው ሴል ላይ ከተተከሉት ተቀባዮች ጋር ይገናኛል፤ መልእክቱ ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ መጽዳት አለበት። የማጽዳቱን ሥራ በዋናነት የሚሠራው የላኪው ሴል ቆዳ ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ነው። ዶፓሚኑን ከክፍተቱ እየለቀመ ወደ ወጣበት ሴል ይመልሰዋል። እኔ «መላሹ» እለዋለሁ።

የአፄ ፋሲልን መዋኛ አስቡት። ጥምቀት ሲደርስ ከቀሃ ወንዝ ውሃ በቦይ ይገባለታል። ሕዝቡ ይጠመቃል፣ ወጣቱ ይዘላል፣ በዓሉ ያልፋል። ከዚያ ውሃው ይለቀቃል። አብዛኛውን ዓመት ብትሄዱ የምታዩት ደረቅ ገንዳ ነው። ጥምቀትን ጥምቀት የሚያደርገው አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ ውሃው ሁልጊዜ የለም። ዶፓሚንም እንዲሁ ነው። ትገባለች፣ መልእክቷን ታደርሳለች፣ ወዲያው ትጠረጋለች። መምጣቷ ትርጉም ያለው መሄድ ስላለ ነው።

ኮኬይን የሚሠራው መውጫውን መወተፍ ነው። በቃ። የሚገባውን ውሃ አይጨምርም። መላሹ ፕሮቲን ውስጥ ዶፓሚን የምትቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ኮኬይን እዚያው ገብቶ ቁጭ ይላል። በሩ ወደ ውጭ እንደተከፈተ ይቀራል፣ መዞር አይችልም። ይህን በ2015 የፍራፍሬ ዝንብ መላሽ ላይ፣ አተም ለይቶ በሚያሳይ ምስል አይተውታል። ያላሰለሰ ትንሽ ትንሽ ዶፓሚን ሲገባ የነበረው ክፍተት አሁን ይሞላል። ላኪው ሴል መሙላቱን ያውቃል፤ የራሱ መቆጣጠሪያ ስላለው መልቀቁን ይቀንሳል። ግን መውጫው ተወትፎ መግቢያውን ማጥበብ ምን ያህል ይረዳል?

እዚህ ላይ ስለ ጫት የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ነገር፣ ካቲኖን የሚባለው፣ መንገዱ ሌላ ነው። በመላሹ በኩል ወደ ሴሉ ይገባና መላሹን በግልባጩ ያሠራዋል። ውሃው በመውጫው በኩል ወደ ገንዳው ተመልሶ ይፈሳል ማለት ነው። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል። ቃሚ እርጥብ እርጥቡን የሚለው በቅንጦት አይደለም። ጉልበቱ፣ ፍጥነቱና መጠኑ ከኮኬይን ስለሚለይ ሁለቱን አንድ ናቸው ብላችሁ እንዳትሄዱ።

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? በ1988 ጣሊያናውያኑ ዲ ኪያራና ኢምፔራቶ ጥሩ ዘዴ ተጠቀሙ። ከአይጠ መጎጥ አንጎል ሥር፣ ኒውክሊየስ አኩምበንስ ከሚባል ቦታ፣ በጣም ቀጭን ቱቦ አስገብተው ፈሳሹን እየቀዱ ለኩ። እንስሳዋ እየተንቀሳቀሰች ነው። ኮኬይን ስትወጋ እዚያ ቦታ ያለው ዶፓሚን ከፍ አለ። አልኮል፣ ኒኮቲን፣ ሞርፊን ሲሰጣትም ከፍ አለ። ሰው ሱስ የሚይዝባቸው ነገሮች መነሻቸው እየተለያየ አንድ ገንዳ ላይ ይገናኛሉ። ዛሬ ደግሞ ዶፓሚን ሲነካው የሚያበራ ፕሮቲን አንጎል ውስጥ ያስገባሉ። ነገሩን በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ፣ በብርሃን ያዩታል።

ግን አንድ ጠርጣራ ሰው «ዶፓሚን ከፍ አለ ማለት ሱሱ በዶፓሚን ነው ማለት አይደለም» ቢል ልክ ነው። ኮኬይን የሌሎች ሁለት ኬሚካሎችንም፣ የሴሮቶኒንና የኖርኤፒነፍሪንን መላሾች ይወትፋል። ወንጀለኛው የትኛው ነው? እዚህ ጋ ነገሩ የፖሊስ ምርመራ ይመስላል። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምወደው ይህን ክፍል ነው።

በ1996 ተመራማሪዎች የዶፓሚን መላሽ የሌላት አይጥ ፈጠሩ። የዘር መመሪያዋን ቆርጠው ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ያኔ ትንሿ አይጥ ላይ ነበር የሚቻለው፤ ልዩነቱን ቀድሜ ያነሳሁት ለዚህ ነው። እንግዲህ ገንዳው ጨርሶ መውጫ የለውም። ዶፓሚን ከክፍተቱ ለመጥፋት ቢያንስ 100 እጥፍ ጊዜ ይወስድባት ጀመር። አይጧ ዕረፍት የላትም፤ ስትሮጥ ትውላለች። ኮኬይን ቢሰጧት ሩጫዋ አልጨመረም። የሚወተፍ ነገር የለማ! ሁሉም «ነገሩ አለቀ፣ ወንጀለኛው ተያዘ» አለ።

አላለቀም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ እንደዚያው መላሽ የሌላቸው አይጦች ኮኬይን በራሳቸው ሊወስዱ ይችላሉ ወይ ተብሎ ተሞከረ። ደም ሥራቸው ላይ ቱቦ አለ፤ በጎናቸው መጠየቂያ አለ፤ ከፈለጉ ያገኛሉ። ወሰዱ! ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሳ። ምናልባት ሴሮቶኒኑ ይሆን? ወይስ ከልደቷ ጀምሮ መላሽ የሌላት አይጥ አንጎሏ ሌላ መላ ፈጥሮ አድጓል? ሁለተኛው ጥርጣሬ ከባድ ነው። አንድ እግር ሳይኖረው ያደገ ሰው አካሄድ ስለ ሁለት እግር ሰው ብዙም አይነግረንም።

መፍትሔው በ2006 መጣ። ብልህ ነው። መላሹን ከማጥፋት ይልቅ አሻሻሉት። ዶፓሚን መመለሱን እንዲቀጥል፣ ኮኬይን ግን እንዳይቀመጥበት አድርገው ጥቂት ቦታ ቀየሩት። በሩ ይሠራል፣ ወታፊው አይገጥምም። ከዚያ አይጧን ሁለት ክፍል ባለው ሳጥን ፈተኗት። በአንደኛው ክፍል ኮኬይን፣ በሌላኛው ጨዋማ ውሃ ብቻ ትወጋለች። በመጨረሻ በነጻነት ስትለቀቅ የትኛው ክፍል ውስጥ ትቆያለች? ተራ አይጥ ኮኬይን ያገኘችበት ክፍል ነው የምትቆየው። ይቺኛዋ ግን ለሁለቱም ግድ የላትም። ለመሮጥም አልተነሳችም፤ እንዲያውም ኮኬይኑ አረጋጋት። የሴሮቶኒኑም የሌላውም መላሽ እንደ ድሮው እየተወተፈ፣ የኮኬይን ስበት ጠፋ።

ስለዚህ ዶፓሚን ናት። እሺ፤ ግን የምታደርገው ምንድን ነው?

አክስቴን ላስተዋውቃችሁ። ቤቷ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ነው። ከዓመት በፊት ልቧ ስለሚመታ ሐኪም ቡና ከለከላት። ቆረጠች። አንድ ቀን አብሬያት ስሄድ ከጎረቤት ግቢ የሚቆላ ቡና ሸተተ። ቆመች። «ልጅየ፣ መጠጣቱንስ ረስቼዋለሁ፤ ይህ ጭሱ ነው የሚያሳብደኝ» አለችኝ።

ቡና በኮኬይን መንገድ አይሠራም፤ ካፌን የሚይዘው ሌላ ተቀባይ ነው። የአክስቴ ቃል ግን የአንጎል ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትዝ ጦጣዎች ላይ ካየው ጋር ገጠመልኝ። የጦጣዎቹን ዶፓሚን ሴሎች በሽቦ ያዳምጣል። ለጦጣው ድንገት ጭማቂ ሲጠብለት ሴሎቹ ይንጫጫሉ። ከዚያ ከጭማቂው በፊት ሁልጊዜ መብራት ማብራት ጀመረ። ጦጣው ነገሩን ሲለምድ ሴሎቹ ለጭማቂው ዝም አሉ። አሁን የሚንጫጩት ለመብራቱ ሆነ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ሲቀርስ? ልክ ጭማቂው ሊመጣ በሚገባበት ቅጽበት ሴሎቹ ጸጥ ይላሉ፤ ከወትሮው በታች። ጭማቂው የወትሮው ጭማቂ ነው። ጣዕሙ አልተለወጠም። ዶፓሚን ግን ጣዕሙን ትታ ወደ ምልክቱ ሄደች። ከጠበቅኩት በለጠ ወይስ አነሰ የሚለውን ነው የምትቆጥረው። በ1997 ይህን ከሒሳብ ሰዎች ጋር ሆኖ አሳተመው።

እንግዲህ ኮኬይን እዚህ መካከል ሲገባ አስቡት። ተራ ነገር ይለመዳል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ሴሉ ዝም ይላል። ኮኬይን ግን ግምትን አልፎ መውጫውን በጉልበት ስለሚወትፍ፣ አንጎል ሁልጊዜ «ከጠበቅኩት በለጠ!» የሚል የውሸት ደብዳቤ እየደረሰው ነው ይላሉ አንዳንድ ተመራማሪዎች። ደብዳቤ አድራሹን ጉቦ እንደ መስጠት ነው። በዚያ ደብዳቤ ላይ ተመሥርቶ መብራቱም፣ ክፍሉም፣ ፔዳሉም ክብር እያገኙ ይሄዳሉ።

ምርቃናና ሐራራን የለያቸው ደግሞ አሜሪካ ሚሺጋን የሚሠራው ኬንት ቤሪጅ ነው። አይጠ መጎጥ ስኳር ስታገኝ አፏን ትልሳለች፤ መራራ ሲገባባት አፏን ትከፍትና ራሷን ትነቀንቃለች። ሕፃን ልጅም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ቤሪጅ ከባልደረቦቹ ጋር ዶፓሚኗ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የጠፋ አይጠ መጎጥ አፍ ላይ ስኳር ጠብ አደረገ። እንስሳዋ ምግብ አፍንጫዋ ሥር ቢቀመጥላት አትበላም፤ ካላጎረሷት በረሃብ ትሞታለች። ስኳሩ አፏ ሲገባ ግን እንደ ጤነኛዋ ላሰች። ጣፈጣት! መጣፈጡ አልጠፋም። የጠፋው ሄዶ መፈለጉ ነው። የተገላቢጦሹም ታይቷል። መላሿ የተቀነሰባት፣ ዶፓሚን የሞላባት አይጥ ወደ ስኳሩ ስትሮጥ ከሌሎቹ ትፈጥናለች። ስታገኘው ግን ከሌሎቹ አብልጦ አይጣፍጣትም።

እንግዲህ ዶፓሚን ይበልጥ የምትጠጋው ወደ ሐራራው ነው። ኮኬይን የሚወስድ ሰው የሚሰማው ምርቃና ውሸት ነው አላልኩም፤ የዶፓሚን ፍጥነትና ከፍታ እዚያም ውስጥ እጅ አለው። ግን ምርቃናው ከጊዜ ጋር ሲደበዝዝ ሐራራው ለምን ይከርራል የሚለውን ጥያቄ «የደስታ ኬሚካል» የሚለው ስም አይመልስም።

ይከርራል ስል ወሬ አይደለም። በ2001 የወጡ ሁለት ሥራዎች አሉ። በአንደኛው አይጥ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኮኬይን ተሰጣት። ከአምስት ቀን በኋላ ወደ ዶፓሚን ሴሎቿ የሚመጡት ግንኙነቶች ጠንክረው ተገኙ። በአሥረኛው ቀን ጠፍቷል። ሁለተኛው ይብሳል። አይጠ መጎጦች ፔዳል እየተጫኑ ኮኬይን መውሰድ ለመዱ፤ ሲመጣ መብራት ይበራል። ከዚያ ተከለከሉ። ከአንድ ቀን፣ ከሳምንት፣ ከወር፣ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሳጥኑ ይመለሳሉ። ኮኬይን የለም፤ ፔዳሉና መብራቱ ብቻ አሉ። ሰው ጊዜ ሲያልፍ ይረሳል ብሎ ይገምታል። እነሱ ግን ሁለት ወር የቆየችው በመጀመሪያው ቀን ከተመለሰችው አብልጣ ፔዳሉን ደበደበችው። አክስቴ ከዓመት በኋላ ጭሱ ለምን እንዳቆማት ሳስብ ይህቺ እንስሳ ትመጣብኛለች።

አንድ ነገር ግን ሚዛን ላይ ይግባልኝ። እነዚህ እንስሳት በአብዛኛው ባዶ ሳጥን ውስጥ ናቸው። የሚሠሩት ነገር የላቸውም። በ2007 ፈረንሳይ ቦርዶ ውስጥ አይጠ መጎጦች ኮኬይንና ሳካሪን በሚባል ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ የጣፈጠ ውሃ ቀርቦላቸው ምረጡ ተባሉ። ከመቶ ከ90 በላዩ ጣፋጩን ውሃ መረጡ። በ2002 ደግሞ አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ለብቻ ለብቻ የኖሩ ወንድ ጦጣዎችን አራት አራት አድርገው አንድ ላይ አኖሯቸው። ለብቻቸው ሳሉ አንጎላቸው ውስጥ ያለው አንዱ የዶፓሚን ተቀባይ መጠን ልዩነት አልነበረውም። አብረው ሲኖሩ አለቃ የሆኑት ላይ ጨመረ። ኮኬይን በራሳቸው መውሰድ ሲፈቀድላቸው የበታቾቹ ወሰዱ፤ አለቆቹ እምብዛም አልጓጉም። ያው መድኃኒት፣ ያው ዝርያ፣ ያው ግቢ። የተለወጠው ማን ማንን ይፈራል የሚለው ብቻ ነው።

በአይጥና በጦጣ ላይ ይህን ማድረግ ተገቢ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ አልሸሸውም። ራሴ ያችን በረሃብ የምትሞት አይጠ መጎጥ ሳነብ ገጹን ገልብጬ ተነስቻለሁ። ቆይቼ ተመልሼ ጨረስኩት።

ለኮኬይን ሱስ ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘ መድኃኒት እስካሁን የለም። መላሹን በሌላ ነገር መወተፍ ቀላል ነው፤ ግን ያ ራሱ ሌላ ወታፊ ነው። የመላሹን ሥራ ሳያደናቅፉ ኮኬይን እንዳይቀመጥበት ማድረግ ነው አስቸጋሪው። የ2006ቷ አይጥ እንዲህ ያለ በር ሊኖር እንደሚችል አሳይታለች። እሷ ግን በሩን ይዛው ነው የተወለደችው።